63.5 እና 65 አንድ አይደሉም፦ ለመወዳደሪያ መኪና የሞላ ዲያሜትር አመራረጥ

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት አራት ሞላ በካርቶን ተሸክሞ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ወደሚገኘው ጋራዤ መጣ። ኮሮላ ዲኤክስ ለውድድር እያዘጋጀ ነበር። ሞላዎቹን በጅቡቲ በኩል ለማስመጣት ለወራት ገንዘብ አጠራቅሟል። በካሊፐር፣ ማለትም ውፍረትና ስፋት በሚለካው መሣሪያ፣ ስለካቸው የውስጥ ዲያሜትራቸው 65 ሚሊ ሜትር፣ የአሞርዛተሩ (የመኪናውን ንዝረት የሚያበርደው ክፍል) የሞላ መቀመጫ ደግሞ 63.5 ሆኖ ተገኘ። «ጋሼ፣ ገብቶ የለም እንዴ? አንድ ሚሊ ተኩል ምን ያመጣል?» አለኝ።

ብዙ ያመጣል። ከመቀመጫው የሰፋ ሞላ መሃሉን ይስታል፤ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ይቀመጥና ጭነቱን አጣሞ ያወርዳል። የአሞርዛተሩ ዘንግ በየጉድጓዱ ወደ ጎን ይገፋል፣ ጎሚኒው ይበላል፣ ዘይት መትፋት ይጀምራል። የተገላቢጦሹ፣ 63.5 ሞላ ለ65 መቀመጫ፣ ከነጭራሹ አይገባም። በመዶሻ ተመትቶ የገባ አይቻለሁ፤ ጫፉ የተጫረ ሞላ ከዚያው ጭረት ላይ ስለሚሰበር ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። ለዚያ ወጣት ቀጭን ቀለበት ማስገባት ይቻል ነበር፤ ግን ግድግዳው አንድ ሚሊ እንኳ የማይሞላ ቀለበት በጭነት ይሰነጠቃል ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ሙሉ መቀመጫውን ከአሉሚኒየም አዲስ አወጣሁለት። አባቴ ዕድሜውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ያሳለፈ ሰው ነበር፤ የምለካበትም ካሊፐር የእርሱ ነው። ግማሽ ሚሊ ንቆ ያሳለፈ ሰው እርሱ ዘንድ ምሳ አይበላም ነበር።

የመወዳደሪያ ሞላ የሚጠራው በውስጥ ዲያሜትሩ ነው። በኢንች የሚሠሩት 2.25 እና 2.5 ሲሆኑ፣ በሚሊ ሜትር 57.15 እና 63.5 ማለት ናቸው። በሚሊ ሜትር የሚሠሩት ደግሞ በብዛት 60፣ 65 እና 70 ናቸው። ከማዘዛችሁ በፊት ሞላው ላይ የታተመውን ቁጥር ማንበብ ልመዱ። አይባክ የሚባለው የጀርመን ሞላ ላይ 0800.250.0500 የሚል ብታገኙ ቁመቱ 8 ኢንች፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 2.5 ኢንች፣ ጥንካሬው በአንድ ኢንች 500 ፓውንድ ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንሂድ። መጀመሪያ የአሞርዛተሩን ቱቦ ውፍረት፣ ጥርስ የወጣለትን ክፍል ጨምራችሁ ለኩ። ሞላው ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሚሊ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ እኔ 3 እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሞላ ሲጫን ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ በትንሹም ቢሆን ይጎብጣል። ከዚያ የሚመጣው ልኬት ግን ሰው ሁሉ የሚዘለው ነው። እንደ ኮሮላው፣ ወይም ሐረር ላይ ለረጅም ዘመን በታክሲነት እንደኖረው ፔጆ 404፣ የፊት ሞላው አሞርዛተሩን ከብቦ የሚቆም ከሆነ ጎማው ከሞላው አጠገብ ነው የሚዞረው። ሞላውን አውጡና አሞርዛተሩን ብቻ ግጠሙ። የምትወዳደሩበትን ጎማና ቸርኬ አስገቡ፤ ሌላ ጎማ አይሆንም። እግሩን በክሪክ እስከ መጨረሻው አንሡ። ከዚያ ከአሞርዛተሩ መሃል እስከ ጎማው ጎን ያለውን ጠባብ ቦታ ለኩ። ከዚህ ቁጥር ላይ 5 ሚሊ ቀንሱ፤ ጎማ በኩርባ ላይ ይለጠጣልና። የቀረው የሞላው የውጭ ዲያሜትር ግማሽ ሊበልጠው የማይገባ ወሰን ነው። የውጭ ዲያሜትር ማለት የውስጡ ሲደመር የሽቦው ውፍረት ሁለት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሲደረስ ብዙ ሰው «እንግዲያው ጠባቡን ልግዛና ልገላገል» ይላል። የጥበቱን ዋጋ ግን በቁጥር እንየው። የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ይጨምራል፤ በአማካይ ዲያሜትሩ (የውስጡ ሲደመር የሽቦው ውፍረት አንድ ጊዜ) ሦስተኛ ርቢና በሚሠሩት ዙሮች፣ ማለትም ሲጫኑ በሚተጣጠፉት፣ ብዛት ይቀንሳል። 12 ሚሊ ሽቦ፣ 63.5 የውስጥ ዲያሜትር፣ 8 የሚሠሩ ዙሮች ያሉት ሞላ በአንድ ሚሊ ሜትር 60 ኒውተን ገደማ ይሰጣል፤ በጋራዥ ቋንቋ 6 ኪሎ በሚሊ ማለት ነው። ሽቦውንና ዙሩን ሳትነኩ ዲያሜትሩን ወደ 57 ብታወርዱት ጥንካሬው ወደ 77 ኒውተን ይዘላል። ዲያሜትሩ ትንሽ ጠበበ፣ ጥንካሬው ግን በ30 በመቶ ጨመረ።

የመጀመሪያውን ጥንካሬ መልሶ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዙር መጨመር ነው፤ ከ8 ወደ 10 ከግማሽ ገደማ። በሁለቱ ጫፍ ያሉትን የማይሠሩ ዙሮች ጨምረን ስናሰላ፣ ተነባብሮ ሲዘጋ 120 ሚሊ የነበረው ሞላ 149 ይሆናል። ወደ 29 ሚሊ የሚጠጋ እንቅስቃሴ ጠፋ ማለት ነው። ሌላው ሽቦውን ወደ 11.2 ሚሊ ማቅጠን ነው። ይህ ቦታም ይቆጥባል፣ ክብደትም ይቀንሳል፤ ሆኖም በተመሳሳይ ጭነት ብረቱ የሚሸከመው ውጥረት ከ10 በመቶ በላይ ከፍ ይላል። ጥሩ ብረት ይችለዋል፤ ርካሽ ብረት ግን ጥቂት ወራት ቆይቶ ይረግብና የመኪናው ቁመት ይወርዳል። ይህ ሁሉ ተከፍሎበት በጎማው በኩል የሚገኘው ትርፍ ቢበዛ 4 ሚሊ ነው። 4 ሚሊ አንዳንዴ ሁሉም ነገር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ቸርኬውን በ5 ሚሊ ስፔሰር (ከቸርኬው ኋላ በሚገባ ማራቂያ) ወደ ውጭ ማውጣት ከተቻለና ፓራፋንጎው ካልነካ፣ እኔ ያንን አስቀድማለሁ። የቸርኬው ብሎኖች በቂ ርዝመት እንዳላቸው ማረጋገጥ አትርሱ።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ መኪና ነው። ጎማው ሞላውን ስለነካብኝ ብዙ ዙር ያለው ባለ 57 ሞላ ገጠምሁ፤ መነካካቱም ቆመ። ደስ ብሎኝ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ስወርድ፣ መንገዱ ሰርጎድ ያለበት ቦታ ላይ የብረት ድምፅ ተሰማ፤ የመኪናው ፊትም ወደ ጎን ዘለለ። ሞላው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። የተዘጋ ሞላ ብረት በብረት ነው፤ ጎማው በዚያች ቅጽበት መሬት መያዙን ያቆማል። ቤት ደርሼ ሳወጣው ዙሮቹ እርስ በርስ የተጋጩበት ቦታ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። በኩርባ ላይ ቢሆንስ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ስለዚህ እኔን የሚጠይቅ ሁሉ የሚሰማው ያንኑ ነው፦ ቦታው ከሚፈቅደው ሰፊውን ውሰዱ። 63.5 ከገባ በእርሱ ጀምሩ፤ በቁመትም በጥንካሬም ሰፊ ምርጫ ያለው በዚህ ልክ ነው፣ ነገ ጥንካሬ መለወጥ ብትፈልጉ አትቸገሩም። ወደ 60 ወይም 57 ውረዱ የምለው ልኬቱ ራሱ ሲያስገድድ ብቻ ነው።

ለኋላ እግር ሌላ ነገር ይጨመራል። እዚያ ረጅም ሞላ ስለሚፈለግ መጎበጥ ይመጣል። ሳይጫን ያለውን ቁመት ለአማካይ ዲያሜትሩ አካፍሉ። ውጤቱ ከ4 ሲያልፍ እኔ እጠረጥራለሁ። 300 ሚሊ ቁመት ያለው ባለ 57 ሞላ 4.3 ይሰጣል፤ ባለ 70 ከሆነ ወደ 3.7 ይወርዳል። ከኋላ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ባለ 70 መግዛት እየተቻለ ጠባቡን መምረጥ አይገባኝም። ከፊት ካለው ጋር መመሳሰል የለበትም።

ከገጠማችሁ በኋላ በዙሮቹ መካከልና በሞላው የጎማ ጎን ላይ ጠመኔ በውሃ በጥብጣችሁ ቀቡ፣ ይድረቅ። በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ዘንጉ ምን ያህል እንደገባ እርሱ ያሳያችኋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት ከነዳችሁ በኋላ እግሩን አንሥታችሁ ተመልከቱ። በዙሮቹ መካከል ጠመኔው ከተፋቀ ሞላው ተዘግቷል። የጎማው ጎን ከነጣ ቦታው ጠቧል። በውስጥ በኩል የአሞርዛተሩ ቱቦ በአንድ ወገን ብቻ ካበራ ደግሞ ሞላው መሃሉን ስቷልና መቀመጫውን እንደገና ለኩ።