ኬታሚንና የንግግር ሕክምና፦ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ኬታሚን ለአገራችን ሐኪም እንግዳ አይደለም። ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሆኖ ለዓመታት አገልግሏል። አሜሪካም ለዚሁ ሥራ የፈቀደችው በ1970 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። አሁን ግን ሜሪላንድና ሲያትል ያለው ወገናችን ስሙን የሚሰማው ለሌላ ጉዳይ ነው። ለማይለቅ ድባቴ፣ ከጦርነትና ከስደት ተርፎ ለቀረ የውስጥ ሕመም። ኤክስታሲ በሚል ስም የሚታወቀው ኤምዲኤምኤና ከእንጉዳይ የሚገኘው ሲሎሳይቢንም አብረው ይነሳሉ። ሐሳቡ መድኃኒቱን ከቴራፒስት (በንግግር ከሚያክም ባለሙያ) ጋር አጣምሮ መስጠት ነው። ተስፋው ባዶ አይደለም። አካሄዱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

"አንድ መርፌ ይጨርሰዋል" ብሎ መሄድ

እኛ መርፌ እንወዳለን። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሳይወጋ የተመለሰ ሰው "ምንም አላደረጉልኝም" ይላል። ይህ ልማድ እዚህ ጋ አይሠራም።

ኤምዲኤምኤ ለፒቲኤስዲ (አሰቃቂ ነገር ካለፈ በኋላ ለሚቀር የአእምሮ ሕመም) በተሞከረበት ትልቅ ጥናት አንድ ታካሚ መድኃኒቱን የሚወስደው በ3 ቀጠሮ ብቻ ነበር። በወር ገደማ አንዴ፣ እያንዳንዱ 8 ሰዓት ያህል። ቀሪው 3 የዝግጅት ቀጠሮና የታየውን የሚያብላሉበት 9 ቀጠሮ ነው። ከ15ቱ 12ቱ መድኃኒት የሌለበት ንግግር ነው ማለት ነው። በ2021 በወጣው ውጤት መድኃኒቱን ከወሰዱት 67 በመቶው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 32 በመቶው "ፒቲኤስዲ አለበት" ከሚያሰኘው መስፈርት ወጥተዋል። ሰው የሚያወራው ስለ 67ቱ ነው። እኔን የገረመኝ 32ቱ ነው። እነዚህ ሰዎች ያገኙት ንግግሩን ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ ፍርሃቱን ለተወሰነ ሰዓት ያላላል። ሰውየው ሲሸሸው የኖረውን ነገር ያን ያህል ሳይሸበር ያየዋል። ያየውን ከኑሮው ጋር የሚያገናኘው በቀጣዮቹ ሳምንታት ነው። ታዲያ ቴራፒስት የሌለው የኬታሚን ክሊኒክ ሞልቷል። ወንበር አለ፣ ነርስ አለች፣ ሂሳብ አለ። ከመመዝገብዎ በፊት "ከመድኃኒቱ በኋላ የሚያናግረኝ ማነው? መቼ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ሦስቱን መድኃኒቶች አንድ አድርጎ ማየት

በሕግ ፊት በጣም ይለያያሉ። በአፍንጫ የሚነፋው የኬታሚን ዘር፣ ኤስኬታሚን፣ ሌላ መድኃኒት ላልሠራለት ድባቴ በአሜሪካ በ2019 ተፈቅዷል። የሚሰጠው ግን ልዩ ፈቃድ ባለው ቦታ ብቻ ነው። ኤምዲኤምኤን የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በነሐሴ 2024 አልፈቅድም ብሏል። አውስትራሊያ ደግሞ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ኤምዲኤምኤን ለፒቲኤስዲ፣ ሲሎሳይቢንን ሌላ ሕክምና ላልሠራለት ድባቴ የተፈቀደላቸው ሳይካትሪስቶች እንዲያዙ ፈቅዳለች። ኦሬገን ሲሎሳይቢን የሚወሰድባቸው ማዕከላትን በ2023 ከፍታለች። እዚያ አጠገብዎ የሚቀመጠው ሰው ግን ሐኪም ወይም ቴራፒስት መሆን አይጠበቅበትም።

"ስቴቱ ከፈቀደ ችግር የለውም"

ዜግነት ያላገኘ ሰው ይህቺን ደጋግሞ ያንብባት። ሲሎሳይቢን በኦሬገንና በኮሎራዶ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ እስካሁን የተከለከለ ነው። የግሪን ካርድና የዜግነት ጉዳይ የሚታየው ደግሞ በፌዴራል ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ስለ ማሪዋና በግልጽ ጽፎታል፦ የስቴት ፈቃድ አያድንም። ሲሎሳይቢንም በዚያው የፌዴራል ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። መታሰር እንኳን አያስፈልግም። "ወስደህ ታውቃለህ?" ለሚለው ጥያቄ "አዎ" ማለት ብቻውን ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ጓደኛዎ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ሄዶ "ሕይወቴ ተቀየረ" ቢልዎት፣ እሱ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ እንደሆነ ይጠይቁት። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ኬታሚን የዚህ ዓይነት ችግር የለበትም።

ቅጹ ላይ "የለም" ብሎ ማለፍ

"ከቤተሰብዎ የአእምሮ ሕመም ያለበት አለ?" ተብሎ ሲጠየቅ የእኛ ሰው እጁ ሳይንቀጠቀጥ "የለም" ይላል። ስለ አንድ አጎት ግን ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ አለ። "መንፈስ ይዞት ጸበል ገባ።" ወይም "ዛር ነበረባት፣ ብቻዋን ታወራ ነበር።" ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው። በቤተሰብ ውስጥ የስኪዞፍሬኒያ ወይም የባይፖላር ታሪክ ያለው ሰው ከብዙ የሲሎሳይቢን ጥናቶች የሚወጣው ዝም ተብሎ አይደለም። መድኃኒቱ እውነታን የሚያስት ሕመም ሊቀሰቅስበት ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። እናትዎ ወይም አክስትዎ ጋ ደውለው "እማዬ፣ ጋሼ ምን ሆኖ ነበር?" ብለው ያጣሩ። የበሽታውን ስም ላያውቁት ይችላሉ። ምን ያደርግ እንደነበር ከነገሩዎት ለሐኪሙ ይበቃዋል።

የሚወሰዱ ነገሮችንም አለመደበቅ ነው። ሊቲየም ከሲሎሳይቢን ጋር ሲገናኝ የሚጥል ሕመም ያስነሳባቸው ሰዎች አሉ። ትራማዶል ለወገብ ሕመም የሚውጥ ሰውም ይናገር። ኬታሚን ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጫትም እንዲሁ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው" ቢሆንም ይነገር። ማንም አይፈርድብዎትም።

የድባቴ መድኃኒትን በራስ ሥልጣን ማቆምም አለ። አንዱ ሳይኪደሊኩ (እንደ ሲሎሳይቢን ያለው መድኃኒት) እንዲሠራለት ብሎ ያቆማል፣ ሌላው ለጸበል ብሎ። ድንገት ማቋረጥ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፣ ድባቴውም አገርሽቶ ይመጣል። የሚቆም ከሆነ ያዘዘው ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

ቤት ውስጥ ብቻን መውሰድ

በፖስታ የሚመጣ፣ ምላስ ሥር የሚቀመጥ ኬታሚን አለ። ርካሽ ነው፣ ምቹ ነው። ኤፍዲኤ በ2023 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ራስን መሳት፣ የአተነፋፈስ መዳከም፣ የደም ግፊት መጨመር ሲመጣ የሚያይ ሰው የለም። ተዋናዩ ማቲው ፔሪ በጥቅምት 2023 የሞተው በኬታሚን ምክንያት ነው። ክሊኒክ ውስጥ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ። አዘውትሮ መውሰድ ደግሞ የሽንት ፊኛን ይጎዳል፣ ሱስም ይሆናል።

"ደህና ነኝ" ብሎ መሪ መጨበጥ

የኤስኬታሚን ቀን ይህን ይመስላል። ደም ግፊት ይለካል። ትንሿ መንፊያ አፍንጫ ውስጥ ትገባለች። 5 ደቂቃ ተጠብቆ ሁለተኛዋ። ጉሮሮ ላይ የሚመር ነገር ይወርዳል። ወንበሩ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ሰውነት የራስ ያልሆነ ይመስላል። 40ኛው ደቂቃ ላይ ግፊቱ እንደገና ይለካል። ቢያንስ 2 ሰዓት እዚያው መቆየት ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ፣ ሰው ደህና የሆነ ይመስለዋል። መኪና መንዳት የሚቻለው በማግስቱ፣ በቂ እንቅልፍ ተተኝቶ ነው። ኡበር የሚሠራ ሰው የዚያን ቀን ሥራ ይርሳ። መጀመሪያ ላይ በሳምንት 2 ጊዜ ስለሆነ ገቢውን ቀድሞ ያስላ።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

እናት የደረሰባትን በ14 ዓመት ልጇ አፍ አትናገረውም። ብትናገረውም ልጁ ይዞት ያድጋል። ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠየቅ። ድምፁን ሲሰሙት የሰፈር ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆነ "ይቀየርልኝ" ማለት ነውር የለበትም። እንግሊዝኛ የሚችሉም ቢሆኑ መድኃኒቱ ሲይዝ አማርኛው፣ ኦሮምኛው ወይም ትግርኛው ሊቀድም እንደሚችል ለቴራፒስቱ ቀድመው ይንገሩ። አማርኛ የሚያውቅ ቴራፒስት ከተገኘ እሰየው። የፈቃድ ቁጥሩን ግን ስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ይዩት።

ስለ መነካካት ሳይነጋገሩ መጀመር

በዚህ መድኃኒት ሥር ያለ ሰው "እምቢ" የማለት አቅሙ ይደክማል። ካናዳ ውስጥ በተደረገ የኤምዲኤምኤ ሙከራ ቴራፒስቶች በታካሚ ላይ ከባድ ጥፋት ፈጽመዋል። የሥነ ምግባር ጥሰቱ ታይቶ አንድ ሳይንሳዊ መጽሔት በ2024 ከጥናቱ ጋር የተያያዙ 3 ጽሑፎችን ሰርዟል። ስለዚህ እጅ መያዝ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን ይኖራል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል ወይ የሚለው አስቀድሞ በጽሑፍ ይለቅ። መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ "ቅድም እምቢ ያልኩት ይሁን" ቢሉ እንኳን ደህና ቴራፒስት አይቀበልዎትም።

በማግስቱ ስልክ ማንሳት

ልብ ተከፍቷል፣ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ስለዚህ ለባለቤት "በቃ፣ እንለያይ"፣ አዲስ አበባ ላለው ወንድም የ20 ዓመት ቂም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። የዚያን ምሽት የመጣልዎትን በራስዎ ቋንቋ ስልክዎ ላይ በድምፅ ይቅዱት። ቀጣዩን የንግግር ቀጠሮ መድኃኒቱን ከመውሰድዎ በፊት ያስይዙ፣ ከጥቂት ቀን ባልራቀ ጊዜ። ቀረጻውን ይዘው ይሂዱና እዚያ ያሰሙት።