«ከደም ግፊት ኪኒኔ ሌላ ምንም አልወስድም» ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐኪሙ «ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኞቻችን «የለም» እንላለን። ቦርሳችን ቢፈተሽ ግን የራስ ምታት ማስታገሻና የጉንፋን ኪኒን አይጠፋም።

ማስታገሻን እንደ ከረሜላ መቃም። ከሁሉ የበዛው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ግፊት ይጨምራል፣ የግፊት መድኃኒቶቹ የኢናላፕሪልና የሎሳርታን ኃይልም ይዳከማል። ሰውየው ኪኒኑን በየቀኑ ይውጣል፣ መለኪያው ግን 150/95 ላይ ድርቅ ብሏል። ሐኪሙም ሳያውቅ መጠን ይጨምርለታል። ጥፋተኛው ለካ የጉልበት ሕመም ኪኒኑ ነው!

በዚህ ላይ ለግፊት የሚታዘዝ የሚያሸና መድኃኒት ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። የሚያሸናው የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳል። ኢቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠባል። ኢናላፕሪል ደግሞ የመውጫውን ያሰፋል። ማጣሪያው የሚሠራበት ግፊት ያጣል። በመሀል ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣ ኩላሊት በጥቂት ቀናት ሊጎዳ ይችላል። ለአብዛኛው ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል። ውሃ ውስጥ አረፋ እያወጣ የሚሟሟውን ግን ተዉት፤ ብዙ ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) አለበት።

የጉንፋን ኪኒንን መናቅ። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱት ሱዶኤፌድሪንና ፌኒሌፍሪን የደም ሥር በማጥበብ ነው የሚሠሩት። አፍንጫ ላይ ብቻ አይቆሙም፤ ግፊትም ይጨምራሉ። ካርቶኑን ገልብጣችሁ አንብቡ።

«ሶዲየም የሌለው» ጨው መግዛት። ይሄኛው የሚያሳዝነው ታዛዡን ሰው ስለሚይዝ ነው። ጨው ቀንስ ተባለ፣ ምትኩን ገዛ። ምትኩ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና የሚያሸናው ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ ፖታሲየም በሽንት እንዳይወጣ ይይዛሉ። ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል። ምልክት ላያሳይም ይችላል፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ዝም ማለት። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ግፊቱ ከልክ በላይ ይወርዳል፣ ከአልጋ ሲነሱ ያዞራል። ግሬፕፍሩትም (ብርቱካን መሰሉ ፍሬ) ከሌላው የግፊት መድኃኒት ከኒፌዲፒን ጋር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ማፈር። የስንፈተ ወሲብ ኪኒን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ አይናገርም። ከእነዚህ ኪኒኖች አንዱ ሲልዴናፊል ለደረት ሕመም ከሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ጋር ከተገናኘ ግፊትን በአንዴ አውርዶ ሊገድል ይችላል። እፍረቱ ይቅርባችሁ።

ስኳርም ግፊትም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የተባለ የግፊት መድኃኒት ከታዘዘለት አንድ ነገር ይወቅ። ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ ድው ድው ማለትና መንቀጥቀጥ ይደብቁበታል። ማላቡ ግን አይቀርም። ካላበው ስኳሩን ይለካ።

የመጨረሻው ስህተት ይህን አንብቦ ኪኒኑን በራስ ውሳኔ ማቆም ነው። በተለይ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቆሙ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ለድንገተኛ የልብ ጥቃት ሊጋለጥ ይችላል። ይልቅ ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በላስቲክ ሰብስባችሁ ለፋርማሲስቱ አሳዩት።