የዱር እንስሳት ዲግሪ ብር አለው ወይ? ሒሳቡ ላይ የምትሳሳቱት

ባለፈው እሁድ ቡራዩ ቤቴ በር ላይ ቡና ስጠጣ የጎረቤቴ ልጅ የዲፓርትመንት መምረጫ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ዋይልድላይፍ ብር አለው?» አለችኝ።

ጥያቄው አያስከፋኝም። እኔም ከመግባቴ በፊት የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እጠይቅ ነበር። የሚያናድደኝ መልሱን ለማግኘት የሚሠራው ሒሳብ ነው። በየዓመቱ ያው ስህተት ነው።

የማስታወቂያውን ደሞዝ መቁጠር። 10,000 ብር የሚል ማስታወቂያ አየሽ እንበል። 7 በመቶው ለጡረታ ይሄዳል፤ 700 ብር። ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ ዕዳ) ካለብሽ ደግሞ 10 በመቶ፤ ሌላ 1,000 ብር። ግብሩን ገና አልነካሁም። ኪስሽ የሚገባውን ሳታውቂ ከማንም ጋር አትወዳደሪ።

አበልን ደሞዝ ማድረግ። እዚህ ላይ ልቆጣ ነው። ተመራቂዎች ሁሉ «ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ግን አበል አለው» ይሉኛል። አበል የሚከፈለው ፊልድ ስትወጡ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ መኪናው አይንቀሳቀስም። አካባቢው ሰላም ካልሆነ መውጣት የለም። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ እስኪለቀቅ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ግድግዳ ታያላችሁ። ደግሞ ገንዘቡ የተሰጣችሁ ልትበሉበትና ልታድሩበት ነው። ተርፎ ኪስ የሚገባው ሽሮ እየበላችሁ፣ ድንኳን ውስጥ ስታድሩ ብቻ ነው።

ይህን ከየት አመጣሁት? ከራሴ። የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ፕሮጀክት ላይ ነበር። ሦስት ወር በተከታታይ ፊልድ ወጣሁ፤ አበሉ ከደሞዜ በለጠ። ልቤ አበጠ። ከደሞዜ ግማሽ በላይ የሚወስድ ወርኃዊ እቁብ ገባሁ። በሁለተኛው ወር ደረሰኝ። ፍሪጅ ገዛሁ፤ ለእናቴም ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ ፕሮጀክቱ በሦስት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ተዘጋ። እቁቡ ገና 10 ወር ይቀረዋል! ሰብሳቢው እሁድ እሁድ ይደውላል፤ ዋሴ ደግሞ የእህቴ ባል ነው። ፍሪጁን በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። የእህቴ ባል እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ሲያገኘኝ «ፍሪጁ እንዴት ነው?» ይለኛል።

ባንክ ከሚሠራው ጓደኛ ጋር መወዳደር፣ ኪራዩን ረስቶ። እሱ ከእናንተ በላይ ይከፈለዋል፤ እውነት ነው። ግን ለአንዲት ክፍል ቤት የሚከፍለውንና የታክሲውን ቀንሱ። ፓርክ ካምፕ ውስጥ የሚኖር ባለሙያ ብዙ ጊዜ ኪራይ የለበትም። በተቃራኒው እሱ ማታ ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ እናንተ ከጅብ ድምፅ ጋር ታድራላችሁ።

ቀጣሪው ፓርክ ብቻ ይመስላችኋል። ይሄ ነው ብዙ ብር የሚያሳጣው። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ጥናት እንዲያስጠኑ ያስገድዳል። እዚያ ውስጥ ስለ እንስሳቱ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። አውሮፕላን ማረፊያም አለ። በ1981 ከባሕር ዳር የተነሳ አውሮፕላን ሞተሮቹ ርግቦች ውጠው ወደቀ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ወፍ ከማኮብኮቢያ ማራቅ ሙያ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈልበት።

ከቤቴ ብዙ የማይርቀውን የጌፈርሳ ግድብም አትናቁ። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ የሚገኘው በእኛ አገር ደጋ ብቻ ነው። ግድቡ ዳር፣ ደረቱን ነፍቶ አንገቱን ጀርባው ላይ እንዳጋደመ ሳሩ ላይ ይራመዳል። እሱን ለማየት ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው ለአስጎብኚ በቀን ይከፍላል። እኔ ግን እዚሁ እየኖርኩ ለዓመታት ዝም ብዬ አለፍኩት። ዘመዶቼ «ለዝይ ብር ይከፈላል?» ብለው ስቀውብኛል። አሁን መሳቁን ትተዋል።

«እንስሳ ስለምወድ ይሳካልኛል» ማለት። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ሥራው የገበሬ ውሻ መከተብ፣ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ኦሮምኛ መቻል እዚያ ከጂፒኤ ይበልጣል።

ሥራ ሲጠፋ ማስተርስ መቀጠል። ዜሮ ዓመት ልምድ ያለው የማስተርስ ምሩቅ ማንም አይፈልግም። መጀመሪያ ከስካውቶቹ፣ ከፓርክ ጠባቂዎቹ ጋር ሁለት ዓመት ተንከራተቱ።

የመውጫ ፈተናውን መርሳት። ከ2015 ወዲህ 50 በመቶ ካላመጣችሁ ዲግሪ የለም።

መንጃ ፈቃድ ሳያወጡ መመረቅ። ሁለት ሥራ በዚህ ብቻ አምልጦኛል። ልጅቷንም በመጨረሻ «መንጃ ፈቃድ አለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። ከግቢዬ ጥግ ያለውን አሮጌ ብስክሌት አየችና፣ «ጋሼ፣ ያንተ መኪና የታለ?»