የቢሮን ድካም መንገድ ላይ ማራገፍ

የምሠራው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ በመስኮት ባለጉዳይ አነጋግራለሁ። ሲስተም ሲጠፋ ቁጣው የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። ሥራዬን መልቀቅ አልፈልግም። ቤቴ ድረስ ተሸክሜው መግባት ግን አልፈልግም። እናንተም እንደኔ ከሆናችሁ፣ የሚረዳኝን ልንገራችሁ፦ ስፖርት ነው።

ትልቁ ጥያቄ ስፖርቱ ከቀኑ የትኛው ሰዓት ላይ ይግባ የሚለው ነው። «ጊዜ ሳገኝ» ያለ ሰው ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ከቢሮ መውጫና ከቤት መግቢያ መካከል አስገቡት። 11:30 ስትወጡ ባጃጅ አትያዙ፣ በእግራችሁ ሂዱ። ከቢሮ በቀጥታ ቤት የገባ ሰው ንዴቱን ይዞ ነው የሚገባው። ልጁ ውሃ ሲደፋ ይጮህበታል። የተቆጣው ግን ልጁን አይደለም፤ ጠዋት የተናገረውን አለቃ ነው።

ነገሩ የሰውነት ጉዳይም ነው። ስንናደድ ሰውነታችን ለጠብ ወይም ለሽሽት ይሰናዳል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ወንበር ላይ ተቀምጠን ያ ሁሉ ጉልበት መውጫ የለውም። ፈጠን ያለ እርምጃ መውጫ ይሰጠዋል። ሌሊት እንቅልፍም ይሻሻላል፤ በደንብ የተኛ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ባለጉዳይን የሚችልበት ሆድ ይኖረዋል። ለኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

መጠኑ ከባድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለአምስቱ የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። ፍጥነታችሁን ለማወቅ ሰዓትም ስልክም አያስፈልግም። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልክ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው የነገሥታቱን ግቢ፣ የፋሲል ግቢን፣ ዙሪያ ነው። የግቢው አጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ፈጠን ብሎ ሦስት ጊዜ የዞረው ሰው የቀኑን ከሞላ ጎደል ጨርሷል። ስትጀምሩ ትከሻችሁን አስተውሉ። ከቢሮ የወጣ ሰው ትከሻ ወደ ጆሮ ተሰቅሎ ነው የሚገኘው። በረጅሙ ተንፍሱና አውርዱት። እጃችሁን ጨብጣችሁ ከሆነ ጣቶቻችሁን ዘርጉ። ከዚያ ፍጥነት ጨምሩ።

ዙሩ ሲለመድ የፋሲል መዋኛ ወደሚባለው ባሕረ ጥምቀት ውረዱ። ከተማችን በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከፒያሳ የወረደ ሰው መመለሻው ዳገት ነው። ስለዚህ ሳይደክማችሁ ተመለሱ። ዳገቱን በአጭር በአጭር እርምጃ፣ ሙሉ እግራችሁን እያሳረፋችሁ ውጡ። ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ከቆላ ተዛውሮ የመጣ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንግጥ፤ ጥቂት ሳምንት ቀስ ይበል።

አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካለ እሰየው። እኔ ከአንዲት ታላቄ ከሆኑ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው የምሄደው። አንድ ሕግ አለን። በመጀመሪያው ዙር ስለ ሥራ የፈለግነውን እንላለን። ያማረረንን ሁሉ እንዘረግፈዋለን። ዙሩ ሲያልቅ ወሬው ያልቃል።

«እትዬ፣ አጥሩ አለቀ» እላቸዋለሁ።

«አለቀ እንዴ? በይ እንግዲህ ስለ ልጆቹ አጫውቺኝ።»

ይህን ሕግ ያዙ። ያለሱ ሠላሳ ደቂቃው ሐሜት ሆኖ ያልቃል፤ ሥራውም ቤት ድረስ ይከተላችኋል።

ጡንቻ ማጠንከሪያም በሳምንት ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ጂም የግድ አይደለም። ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ ይበቃል። ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ሳወጣ ወገቤን አላጎነብስም፤ ጉልበቴን አጥፌ ቁጭ እልና እነሣለሁ። በየቀኑ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ራሱ ስፖርት ነው። ለወገቤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ስኒከራችሁን ቢሮ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጡት። ቤት ካለ አትሄዱም። ጾም ላይ ላለ ሰው የማታው ሰዓት ይመቻል፤ 9 ሰዓት ላይ ጾሙን የፈታ፣ 11:30 ሲወጣ እህል ውሃ ቀምሷል። በክረምት፣ ወይም ጸጥታው በማያመች ሰሞን፣ ከመሸ መውጣቱ ይቅር። ቤት እንደገባችሁ፣ ልብስ ሳትቀይሩ፣ ሙዚቃ ከፍታችሁ በቦታችሁ እየረገጣችሁ ሂዱ። ገመድ መዝለልም ይቻላል። ልጆች ካሉ አብረው ይዘላሉ፤ እናንተም ቶሎ አታቆሙም።

መሻሻሉን ለማየት ትንሽ ደብተር ያዙ። ከመነሣታችሁ በፊት የሚሰማችሁን በአንድ ቃል ጻፉ፦ «ተናድጃለሁ»፣ «ደክሞኛል»። ስትመለሱም አንድ ቃል። «ዛሬ ይቅርብኝ» የሚያሰኝ ቀን ሲመጣ የቆየውን ገጽ አንብቡ።

እውነቱን ለመናገር፣ ደመወዝ ሲዘገይ ወይም አለቃ በሰው ፊት ሲያዋርዳችሁ እግር ጉዞ መፍትሔ አይሆንም። መብታችሁን ጠይቁ። አቤቱታውን ግን ከእርምጃ በኋላ ጻፉት፤ የፈለጋችሁት ነገር በሁለት አንቀጽ ጥርት ብሎ ይወጣል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምንም ነገር ደስ ማሰኘት ካቆመ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባችሁም ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።