ጥያቄው ከቡናው በኋላ ይምጣ

ለአዋቂዎች የሳይንስ ውይይት አዘጋጅታችሁ «ጥያቄ ያለው?» ስትሉ ቤቱ ጭጭ ይላል? ንግግሩን 20 ደቂቃ ላይ ቁረጡትና ቡና ይቀዳ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ የተጀመረው የሳይንስ ካፌም፣ ማለትም ሰዎች እየጠጡ ስለ ሳይንስ የሚወያዩበት መድረክ፣ አካሄዱ እንዲሁ ነው።

ሰው በሕዝብ ፊት «አልገባኝም» ማለት ያፍራል። ሲኒ ይዞ ግን አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። «እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር» ሲባል ልቡ ይሞላል፣ እጁን ያወጣል።

መነሻ ካጣችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ክተቱ። አዲስ አበባ ላይ 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል። ከፍታው ነው ምክንያቱ፤ እናንተ ግን ቶሎ አትናገሩ፣ ይገምቱ።

ተናጋሪው የሚቸኩል ከሆነ እረፍቱን ተዉት። ጥያቄው ሲመጣ መላሹ ሄዶ ይሆናል።