የፋይናንስ መግቢያ ኮርስ፦ ነጥብ የሚገኝበትና የሚባክንበት ቦታ

ከሁሉ በፊት የኮርስ አውትላይኑን አንብቡ። አከፋፈሉ ለምሳሌ ኩዊዝ 10፣ ቴስት 15፣ አሳይንመንት 10፣ የቡድን ሥራ 15፣ ፋይናል 50 ከሆነ፣ ከመጀመሪያው 50 ላይ 36 የያዘች ተማሪ 75 ለመድረስ ከፋይናሉ 39 ያስፈልጋታል። ይህን ስሌት ከቴስቱ ማግስት ሥሩት፤ ያን ጊዜ ገና የሚታረም ነገር አለ።

ነጥብ በብዛት የሚባክነው በገንዘብ የጊዜ ዋጋ (ዛሬ የተያዘ ብር ወደፊት ከሚገኝ ተመሳሳይ ብር ይበልጣል የሚለው ሐሳብ) ጥያቄ ላይ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ የሚገኝ 10,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ቢታሰብ የዛሬ ዋጋው 7,117.80 ብር ነው። ወለዱ በየ6 ወሩ የሚታሰብ ከሆነ ግን መጠኑ 6 በመቶ፣ የጊዜው ብዛት 6 ይሆንና መልሱ ወደ 7,049.61 ይወርዳል። ብዙ ተማሪ መጠኑን ለሁለት ይከፍልና ጊዜውን በሁለት ማባዛቱን ይረሳል። በመጀመሪያው ስሌት 10,000 የሚካፈልበትን 1.404928 (1.12 × 1.12 × 1.12) መሃል ላይ 1.4 ብሎ ማጠጋጋትም መልሱን 25 ብር ያህል ያዛባል፤ የምታጠጋጉት መጨረሻ ላይ ብቻ ይሁን።

ቀመሩን፣ የተተካውን ቁጥርና መልሱን በየመስመሩ ጻፉ። መልሱ ቢሳሳት እንኳ መምህሩ ለአሠራሩ ነጥብ መስጠት የሚችለው ሲያየው ነው። የታረመ ወረቀት ሲመለስላችሁ ድምሩን እዚያው ደምሩ፤ የቅሬታ ቀን ካለፈ በኋላ የተገኘ የድምር ስህተት ለማስተካከል ከባድ ነው።