በታሪክ ድርሰት ዋና መከራከሪያ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የታሪክ ድርሰት ጥያቄ የሚፈልገው የጸሐፊውን ፍርድ ነው። ያ ፍርድ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጠቃሎ በመግቢያው ሲቀመጥ ዋና መከራከሪያ ይሆናል፤ በርትተው ያጠኑ ተማሪዎች ሳይቀሩ ብዙ ነጥብ የሚያጡትም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ስህተት ጥያቄውን መልሶ መጻፍ ነው። «ለአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሳት ጀርመን ምን ያህል ተጠያቂ ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ «ይህ ድርሰት የጀርመንን ተጠያቂነት ይመረምራል» ብሎ የጀመረ ተማሪ ገና ምንም አልመለሰም።

ሁለተኛው ማንም የማይከራከርበትን እውነታ እንደ መከራከሪያ ማቅረብ ነው። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ እ.ኤ.አ. በ1914 በሳራዬቮ መገደላቸው ማስረጃ ይሆናል እንጂ አቋም አይሆንም። አስተዋይ አንባቢ በማስረጃ ሊሞግተው የማይችል ዓረፍተ ነገር መከራከሪያ አይባልም።

ከሁሉ የከፋው የጥያቄውን ማዘዣ ቃል መዝለል ነው። «ምን ያህል» የሚለው መጠንን ስለሚጠይቅ «አዎ፣ ተጠያቂ ናት» የሚል መልስ አይበቃውም። ይልቁንም እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «ጀርመን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1914 ለኦስትሪያ-ሃንጋሪ ያለ ገደብ ድጋፏን በመስጠቷ ዋናው ተጠያቂነት የእርሷ ቢሆንም፣ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሰርቢያን ለመውጋት መቁረጧና ሩሲያ ጠቅላላ የጦር ክተት ማወጇ ተጠያቂነቱን የጋራ ያደርገዋል።» እዚህ ላይ መጠኑም፣ ምክንያቱም፣ ገደቡም ተገልጿል፤ የድርሰቱ አንቀጾች ቅደም ተከተልም ከዚሁ ይወጣል።

ምክንያቶችን መደርደርም እንዲሁ የተለመደ ነው። «ጦርነቱ የተነሳው በብሔርተኝነት፣ በጦር መሣሪያ እሽቅድምድም፣ በጥምረቶችና በኢምፔሪያሊዝም ነው» የሚለው ሐሰት ባይሆንም የትኛው እንደሚያመዝንና አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳባባሰ አይናገርም። ጥምረቶቹ በኦስትሪያ-ሃንጋሪና በሰርቢያ መካከል የተነሳውን የባልካን ግጭት ወደ ታላላቅ ኃይሎች ጦርነት እንዳሸጋገሩት የሚከራከር ተማሪ ግን ዝርዝሩን ወደ ማብራሪያ ለውጦታል።

«ሁልጊዜ» እና «ብቸኛው ምክንያት» የሚሉትን የመሳሰሉ ፍጹም ቃላትም መከራከሪያውን በአንድ ተቃራኒ ማስረጃ እንዲፈርስ ያደርጉታልና በጥንቃቄ ይመረጡ።

በመጨረሻም መግቢያውና የድርሰቱ አካል ሊለያዩ ይችላሉ፤ ጸሐፊው ማስረጃውን እየመዘነ ሲሄድ አቋሙ መለወጡ ያለ ነውና። ስለዚህ ከማስረከብ በፊት የመደምደሚያውን አንቀጽ ከመከራከሪያው ጋር አስተያይቶ፣ ካልተስማሙ የመግቢያውን ዓረፍተ ነገር ማረም ያስፈልጋል።